ከግንብ ይልቅ ኮረብታ

ባሕር ተነሥቶ ከተማውን ያፈረሰበት ሕዝብ መልሶ ልገንባ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ግንብ ነው። አይፈረድበትም፤ ልጅና ዘመድ የነጠቀን ነገር ዳግመኛ ላለማየት መመኘት የሰው ባሕርይ ነው። ጃፓንም ከ2011ዱ የሱናሚ አደጋ በኋላ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፏ ያደረገችው ይህንኑ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኢዋቴ፣ በሚያጊና በፉኩሺማ ግዛቶች 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የባሕር ግንብ ታቅዶ አብዛኛው ተሠርቷል። በሚያጊ ግዛት ኮይዙሚ በተባለ የባሕር ዳርቻ የቆመው ግንብ 14.7 ሜትር ከፍታ አለው፤ የአምስት ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው። የታችኛው ወርዱ ደግሞ ወደ 90 ሜትር ይጠጋል። ከጀርባው የቆመ ሰው ባሕሩን ቢሰማ እንጂ አያየውም። በዚያው ግዛት፣ በዚያው ጠረፍ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። ኦናጋዋ ትባላለች። ከ12 ነዋሪዎቿ አንዱን ያህል በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጣች ናትና ከማንም ይልቅ ግንብ ይገባኛል ብትል የሚበዛባት አልነበረም። ስለ እሷ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የባሕሩን ውበት ላለመጋረድ መወሰኗን ያደንቃል። ውሳኔዋ ትክክል እንደነበር እኔም አምናለሁ፤ ምክንያቱ ግን ውበት አይመስለኝም። ኦናጋዋ «ባሕሩን በምን እንግታው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን አድርጋ «ሰው የት ይተኛ? ከሚሠራበት ቦታ ወደ ከፍታ ለመውጣትስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?» ብላ መጠየቋ ነው ቁም ነገሩ።

ከተማዋ ያለችው ኦሺካ የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ከዋናው ምድር ጋር በሚገጣጠምበት ሥፍራ ነው። ተራራው እስከ ባሕሩ አፋፍ ድረስ ይወርዳል። ባሕሩም በየሸለቆው እየገባ ጠረፉን እንደ መጋዝ ጥርስ ቆራርጦታል። ለጥ ያለ መሬት እንደ ወርቅ ብርቅ ነው። ይህ አቀማመጥ ለዓሣ አስጋሪ በረከት ነው፤ ጥልቅና ጸጥ ያለ ወደብ ይሰጣል፤ ሳንማ የሚባለው ቀጭን ረጅም ዓሣ በየመከሩ በጀልባ ሙሉ ይራገፍበታል፤ ሳልሞን፣ ኦይስተርና ሆያ የተባለው ቀይ ቅርፊታም የባሕር ፍጡር ይረቡበታል። ሱናሚ ሲመጣ ግን ያው አቀማመጥ ጠላት ይሆናል። ከሰፊው ውቅያኖስ የሚመጣው ውሃ አፉ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ በሆነ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ወደ ጎን መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ያድጋል። በ1926 የከተማ ማዕረግ ያገኘችው ኦናጋዋ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ 18,000 ሰው ይኖርባት ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የጃፓን የገጠር ከተሞች ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች እየፈለሰባት መጥታ በ2011 መጋቢት የቀሯት 10,014 ነበሩ። ይህን ቁጥር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከተማዋ አደጋው ሳይመጣም እየመነመነች ነበርና።

በዚያ ዓመት በፈረንጆቹ ማርች 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ በመለኪያው 9.0 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ባሕሩ መጣ። ወደቡ ላይ የማዕበሉ ከፍታ 14.8 ሜትር ደረሰ። ከባሕር ወለል 16 ሜትር ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ የተሠራው የከተማው ሆስፒታል እንኳ አንደኛ ፎቁ ውሃ ገባበት። ከመኖሪያ ቤቶቹ ከ100ው 66 ያህሉ ሙሉ በሙሉ ጠፉ፤ ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ቀረ። ከሟቾቹ መካከል የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ይገኙበታል። ሲያስጠነቅቋቸው የወጡት ወደ ሕንፃቸው ጣራ ነበር። ጣራው 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ነበረው፤ በባንኩ መመሪያም ለመሸሸጊያነት ከተፈቀዱት ቦታዎች አንዱ ነበር። ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉንም ውሃው ወሰዳቸው። ሆስፒታሉ ያለበት ኮረብታ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚርቀው። ቤተሰቦቻቸው ከስሰው በየደረጃው ተረቱ፤ ፍርድ ቤቶቹ ያን ያህል ከፍታ ያለው ማዕበል አስቀድሞ ሊገመት አይችልም ነበር አሉ። በሕግ በኩል የተባለው ይባል። ለከተማ ፕላን አውጪ ግን ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፦ በሰው እጅ የተሠራ ከፍታ ሁሉ የተሠራው በአንድ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ግምቱ ሲሳሳት ሌላ ደረጃ የለውም። ኮረብታ ግን ውሃው ሲከተልህ ትንሽ ከፍ ለማለት ይፈቅዳል። በዚያ ቀን ሆስፒታሉ ደርሰው ውሃው ሲከተላቸው ወደ ላይ የቀጠሉ ሰዎች ተርፈዋል።

ግምትና እውነት ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ከሚያሳዩት ቦታዎች ታሮ የምትባለውን የኢዋቴ መንደር የሚያህል የለም። ታሮ በ1896 ሱናሚ 1,859 ሰው፣ በ1933 ደግሞ 911 ሰው አጥታለች። ከዚያ በኋላ በአሥርተ ዓመታት ልፋት 10 ሜትር ከፍታ ያለውና በድምሩ 2,433 ሜትር የሚረዝም ግንብ ሠራች። የአገሬው ሰው ታላቁ ግንብ ይለው ነበር፤ ከውጭ አገር ሳይቀር ባለሙያዎች እየመጡ ይጎበኙት ነበር። በ2011 ማዕበሉ ከላዩ ተሻገረ፣ አንዱን ክፍልም ጠራርጎ ወሰደው፤ ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል ግንቡን ተማምነው ከቤታቸው ያልወጡ ነበሩ። ግንቡ ሌላም በደል ነበረበት፤ ከጀርባው ያለ ሰው ባሕሩ ሲሸሽና ሲመለስ ማየት አይችልም። የሚመጣውን የሚነግረውን ምልክት ራሱ ግንቡ ጋረደበት።

እዚህ ላይ የግንብ ደጋፊ የሚያነሳው ውሃ የሚያነሳ ክርክር አለ፤ ፉዳይ። ከታሮ ወደ ሰሜን ባለችው በዚህች ትንሽ መንደር ኮቶኩ ዋሙራ የሚባሉ ከንቲባ የ1896ቱ ማዕበል 15 ሜትር ደርሶ ነበር የሚለውን የአባቶች ወሬ ይዘው፣ ገንዘብ አባካኝ እየተባሉ፣ 15.5 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ በር አሠሩ። በሩ በ1984 ተጠናቀቀ፤ እሳቸውም ሳይመሰገኑ አረፉ። በ2011 ውሃው በሩን አልፎ ጥቂት ቢፈስም ቤቶቹ ጋ አልደረሰም፤ ጀልባውን ሊያይ ወደ ወደቡ ከወረደ አንድ ሰው በስተቀር ማንም አልጠፋም። መንደርተኛው ከዚያ በኋላ መቃብራቸው ላይ እየሄደ አመሰገናቸው። ስለዚህ ግንብ አያድንም ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን ፉዳይን በቅርብ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። በሩ የተሠራው የባሕሩ አፋፍ ላይ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሁለት ተራሮች መካከል ጠባቡ ሸለቆ ላይ ነው፤ ጉልበቱን ያገኘው ከተራሮቹ ነው። ደግሞም ዋሙራ ቁመቱን የወሰኑት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተመልክተው እንጂ የበጀቱን ልክ ተመልክተው አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ሸለቆና እንዲህ ዓይነት ግትር ሰው በአንድ ቦታ መገናኘታቸው በየመቶ ዓመቱ አንዴ የሚሆን ነገር ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ሙሉ ይደገማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። መንግሥትም ይህን ስላወቀ ሱናሚን በሁለት ከፈለው። ከጥቂት አሥርተ ዓመታት እስከ 150 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ የሚመጣው በግንብ ይገታ፤ በብዙ መቶ ወይም በሺህ ዓመት አንዴ የሚመጣውን ግን ግንብ አይችለውም፣ እሱን ሰው ሸሽቶ ይዳን ተባለ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መሬት ላይ ሲወርድ አንድ ነገር ተከተለ፦ የግንቡን ወጪ የሚሸፍነው ማዕከላዊው መንግሥት ስለነበር፣ አልፈልግም ያለ ከተማ የሚያተርፈው ሳንቲም አልነበረም። በነጻ የተሰጠን ነገር እምቢ ለማለት ልዩ ምክንያት ያስፈልጋል።

ኦናጋዋ ያን ምክንያት ያገኘችው በሰው ምርጫ ይመስለኛል። ፍርስራሹ ገና ሳይነሳ፣ አደጋው ከደረሰ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የከተማው ነጋዴዎች ተሰባስበው ነበር። የንግድ ምክር ቤቱ ሊቀመንበር ማሳኖሪ ታካሃሺ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰው፣ ያልተጠበቀ ሐሳብ አቀረቡ፦ ከተማው ተሠርቶ ለማለቅ አሥር ዓመት፣ ደግ ይሁን ክፉ ለመለየት ሌላ አሥር ዓመት ይፈጃል፤ ያኔ እኛ የለንም፤ ስለዚህ ዕቅዱን በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉት ያውጡ፣ ከ60 በላይ የሆንን ከኋላ ሆነን እንደግፋቸው፣ የሚወረወርባቸውንም እንቀበልላቸው አሉ። ጃፓን ሽማግሌ ተቀምጦ ወጣት የማይናገርባት አገር መሆኗን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የእኛም አንባቢ ክብደቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዮሺያኪ ሱዳ በ39 ዓመቱ ከንቲባ ሆነ። ዕቅዱን የሚያወጡት ሰዎች ሕንፃው ሲያረጅ እዚያው የሚያረጁ ሲሆኑ ጥያቄው ይለወጣል። ከ60 ዓመት በኋላ ግንቡን የሚያድሰው ማነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ሕዝቡ በግማሽ ቢቀንስስ? ኮንክሪት ዘላለማዊ አይደለም፤ ተራራ ግን ጥገና አይጠይቅም።

ውሳኔው በጥቂት ቃል ይህ ነው፦ መኖሪያ ላይ፣ ሥራ ታች። የከተማዋ ዙሪያ ኮረብታዎች እየተቆረጡ ደልዳላ ተደረጉ፤ ቤቶች፣ ትምህርት ቤትና የከተማው ጽሕፈት ቤት ውሃው ከደረሰበት በላይ ወጡ። ከኮረብታው የተነሳው አፈር በመኪና ወደ ታች እየወረደ ሜዳውን ከፍ አደረገው፤ ከፍ ባለው ሜዳ ላይ ሱቆች፣ ባቡር ጣቢያና የዓሣ ኢንዱስትሪ ተሠሩ። ከባሕሩ ጋር በተያያዘው ዝቅተኛ ክፍል መኖሪያ ቤት አይሠራም። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «እንግዲያው ኦናጋዋ ግንብ የላትም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው» ቢል ልክ ነው። የተነሳው መሬት ራሱ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣው ሱናሚ የግንብን ሥራ ይሠራል፤ ግንቡ ከተማው ሥር ተቀበረ ቢባል ይቀላል። ልዩነቱ ግን የቃላት ብቻ አይደለም። ግንብ ሰውን ከኋላው ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሲሻገርበት ውሃው እንደ ገንዳ ይጠራቀማል። ከፍ ያለ መሬት ግን ሰውን ከላዩ ያቆመዋል፣ ባሕሩንም ያሳየዋል፣ ከጀርባውም ወደ ኮረብታው የሚያወጣ ዳገት አለ። ትልቁ ማዕበል ሲመጣ ሱቆቹ ይወሰዳሉ። ይህን ከተማዋ አስቀድማ ተቀብላለች፤ ሱቅ ይሠራል፣ ሰው ግን አይሠራም በሚል።

ይህ ምን እንደሚመስል በደንብ የሚታየው በአንድ ፍርስራሽ ነው። ከወደቡ አጠገብ ትንሽ ባለ ሁለት ፎቅ የፖሊስ ኬላ ነበረች። በብረትና በኮንክሪት የተሠራች ብትሆንም ወደ ባሕሩ የሚመለሰው ውሃ የመሠረት ምሰሶዎቿን ነቅሎ በጎኗ ጣላት። ምሰሶዎቹ እንደ ተነቀለ ሥር ከሥሯ ተንጠልጥለው ይታያሉ። የወደቁት ሌሎች ሕንፃዎች ሲነሱ እሷ በወደቀችበት ቀረች፤ በ2020ም ለጎብኚ ተከፈተች። ዙሪያዋ ያለው መሬት ግን በሜትሮች ከፍ ስላለ ዛሬ ኬላዋ ያለችው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጎብኚው በተዳፋት መንገድ እየዞረ ወደ ታች ያያታል። የቀድሞዋ ኦናጋዋ የቆመችበት ወለል ከአሁኑ ጎዳና በታች የት ድረስ እንደነበረ የሚለካበት ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

ከዚህች ጉድጓድ ጥቂት ከፍ ሲሉ ባቡር ጣቢያው አለ። ሺገሩ ባን የተባለው ዕውቅ አርክቴክት የነደፈው ሲሆን ነጩ ጣራው ክንፉን የዘረጋ የባሕር ወፍ ይመስላል፤ ከላይ ፍል ውሃ አለው፤ በ2015 መጋቢት ባቡሩ እንደገና ሲጀምር ተከፈተ። ከጣቢያው ፊት ለፊት በጡብ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ በሱቆች መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ አቅጣጫውም የአዲስ ዓመት ጧት ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ነው። ባን በኦናጋዋ የሠራው ግን ከዚህም በፊት ነው። በአደጋው ዓመት ለመጠለያ የሚሆን ሜዳ ሲጠፋ በቤዝቦል ሜዳው ላይ የመርከብ ኮንቴይነሮችን እስከ ሦስት ፎቅ ደራርቦ ለ189 ቤተሰብ ቤት ሠራ። የዓሣ ገበያው በበኩሉ ባልተጠበቀ እጅ ተነሳ። ኳታር ያቋቋመችው የወዳጅነት ፈንድ ወደ 2 ቢሊዮን የን አውጥቶ 6,000 ቶን የሚይዝ ማቀዝቀዣ መጋዘን አሠራ፤ በ2012 ጥቅምት ተጠናቀቀ። ማስካር ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው በኳታር ከሚታወቅ ባህላዊ የዓሣ ማጥመጃ ዘዴ ነው። አሠራሩም የከተማዋን ሐሳብ ይከተላል፦ የታችኛው ወለል ውሃ እንዲያልፍበት ሆኖ ተሠርቷል፤ ማዕበል ከመጣ ግድግዳው ይለቅና ውሃው ያልፋል፤ የላይኛው ይተርፋል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። ሕዝቡስ? በ2010 እና በ2015 ቆጠራዎች መካከል የኦናጋዋ ነዋሪ ከሦስት አንድ በላይ ቀነሰ፤ በጃፓን በዚያ ጊዜ ከታዩት ከፍተኛ ቅናሾች አንዱ ነው። በ2020 የተቆጠሩት 6,400 ገደማ ነበሩ። ተራራ ቆርጦ ሜዳ መሙላት ዓመታት ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ዓመት በኮንቴይነርና በጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ መጠበቅ ያቃተው ሰው ጎረቤት ኢሺኖማኪ ሄዶ ቤት ሠራ፣ ልጆቹን እዚያ ትምህርት ቤት አስገባ፣ አልተመለሰም። ስለዚህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ቢኖር አይገርምም። በእኔ ግምት ይህ ተቃውሞ ግማሽ መልስ ነው ያለው። መልስ ያለው ግማሽ እንዲህ ነው፦ ግንብ የሠሩት ጎረቤት ከተሞችም ሕዝባቸው ቀንሷል፤ ሰው የሸሸው የግንብ መኖር አለመኖርን አይቶ አይደለም። ደግሞም ኦናጋዋ እንደምታንስ አውቃ ነው ያቀደችው። ሱቁን፣ ጣቢያውን፣ ጤና ተቋሙንና ትምህርት ቤቱን በእግር በሚደረስ ርቀት ሰበሰበች፤ አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን በ2020 በአንድ ግቢ አደረገች። ለ18,000 ሰው ተገንብቶ 6,000 ሰው የሚኖርበት ባዶ ከተማ ከመሆን ይህ ይሻላል። መልስ የሌለው ግማሽ ግን አለ፦ ትክክለኛው ዕቅድ የፈጀው ጊዜ ራሱ ሰው አስከፍሏል። ፈጣንና ስህተት፣ ዘገምተኛና ትክክል ከሚሉት ሁለቱ መካከል የሚመርጥ ከንቲባ ሁለቱም ሰው እንደሚያሳጡት ማወቅ አለበት።

ሌላው ተቃውሞ ስለ አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ላይ የከተማው አስተዳደር በየባሕር ዳርቻው የተበተኑትን የዓሣ አስጋሪ መንደሮች ወደ ጥቂት ቦታ ለመሰብሰብ አስቦ ነበር። አስጋሪዎቹ እምቢ አሉ። ለእነሱ ጀልባው ከቤት ደጃፍ መታየት አለበት፤ የባሕሩን ጠባይ በየጧቱ የሚያነቡት ከመስኮት ነው፤ የማጥመድ መብቱም ከመንደሩ ጋር የተሳሰረ ነው። በመጨረሻ ዕቅዱ ተለወጠና መንደሮቹ ከጀርባቸው ወዳለው ኮረብታ ወጡ። ከወጪ አንጻር አባካኝ ነበር፤ ጥቂት ቤቶች ለሚቀመጡበት ቦታ አንድ ኮረብታ መቁረጥ ማለት ነውና። ሆኖም ሰውን ከሥራው ነቅሎ ማዳን ግማሽ ማዳን ስለሆነ ወጪው ተገቢ ነበር እላለሁ። የአረጋውያን ጉዳይ ግን አሁንም አልተፈታም። ከቀድሞ ጎረቤቱ ተለይቶ ኮረብታ ላይ በአዲስ አፓርታማ የሚኖር የ80 ዓመት ሰው፣ ወደ ሱቅ ለመውረድ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ ከባሕር ድኖ ለብቸኝነት ተዳርጓል።

ከተማ ከፍ ብሎ መሠራቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከማንም በፊት የተረዱት የኦናጋዋ ተማሪዎች ይመስሉኛል። አደጋው በደረሰ በሳምንታት ውስጥ መካከለኛ ደረጃ የገቡት ልጆች በማኅበራዊ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተወያዩ፦ ከሺህ ዓመት በኋላ ያለውን ሰው እንዴት እናድን? ሦስት ነገር አቀረቡ፤ እርስ በርስ መቀራረብ፣ ወደ ከፍታ የሚሸሽበት ከተማ መሥራትና መዝግቦ ማቆየት። ለመጨረሻው ሲሉ ከከተማዋ 21 የባሕር ዳርቻዎች በእያንዳንዱ፣ ውሃው ከደረሰበት በላይ አንድ አንድ የድንጋይ ሐውልት ለማቆም ወሰኑ። ገንዘቡን ራሳቸው እየዞሩ በግማሽ ዓመት ገደማ 10 ሚሊዮን የን ሰበሰቡ። የመጀመሪያው ድንጋይ በ2013፣ የመጨረሻው በ2021 ቆመ፤ ልጆቹ በመካከሉ አዋቂ ሆነው ነበር። የጽሑፉ መልእክት ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሰማ ከዚህ ድንጋይ በላይ ሽሽ፣ አልሸሽም የሚልም ካለ ጎትተህ ውሰደው የሚል ነው። የሚለው ቀላል ነው፤ ግን ከግንብ የሚለየው ነገር አለ። ግንብ ሰውን አንተ ዝም ብለህ ተኛ ይለዋል፤ ድንጋዩ ተነስ ይለዋል።

ስለ ከፍታ የሚነገረው ነገር ሁሉ የኦናጋዋን ሌላ ገጽታ ካላነሳ ጎደሎ ይሆናል። በከተማዋና በኢሺኖማኪ ድንበር ላይ የቶሆኩ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1984 ሥራ ጀመረ። ቦታው ሲወሰን ያኖሱኬ ሂራይ የሚባሉ የኩባንያው ነባር መሐንዲስ በ869 የደረሰውን ጥንታዊ ሱናሚ እያስታወሱ፣ ሌሎቹ 12 ሜትር ይበቃል ሲሉ 14.8 ሜትር ካልሆነ ብለው ድርቅ አሉ። በ2011 መሬቱ 1 ሜትር ሰመጠ፤ 13 ሜትር የደረሰው ማዕበል 13.8 ሜትር ላይ ካለው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ጥቂት ውሃ በምድር ቤት ቢገባና በአንዱ ክፍል እሳት ቢነሳም ማመንጫው በሰላም ቆመ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው እስከ 364 ሰዎችም በግቢው ተጠለሉ። በፉኩሺማ የኑክሌር ማመንጫ የደረሰውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ታሪክ በሂራይ በኩል የከፍታ ድል ነው፤ የከተማዋም ሐሳብ ከዚሁ ጋር ይስማማል። የማመንጫው ቀረጥ ደግሞ ከተማዋን ለአሥርተ ዓመታት ከአብዛኞቹ የገጠር ከተሞች በተሻለ ደረጃ አኑሯታል፤ ኦናጋዋን ለሌሎች ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የከተማዋን ሐሳብ ይፈትናል። ሁለተኛው ሬአክተር እንደገና እንዲነሳ ለማስፈቀድ ኩባንያው 800 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከባሕር ወለል 29 ሜትር ከፍ ያለ ግንብ ሠራ። ግንብ አይጋርደን ባለች ከተማ ውስጥ በጃፓን ካሉት ረጃጅም የባሕር ግንቦች አንዱ ቆሟል ማለት ነው። ሬአክተር ተነስቶ ወደ ኮረብታ መሮጥ ስለማይችል እዚያ ግንብ ማስፈለጉ አያጨቃጭቅም። የሚያጨቃጭቀው ሌላ ነው። ከሱናሚ የሚሸሽ ሰው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ኦናጋዋም ለዚህ ተዘጋጅታለች። ከጨረር የሚሸሽ ሰው ግን ወደ ጎን፣ ወደ ሩቅ ነው የሚሸሸው፤ ከባሕረ ገብ መሬቱ የሚያወጡት መንገዶች ጥቂት፣ ጠባብና በተራራና በባሕር መካከል የተጣበቁ ናቸው። የሚያጊ አገረ ገዢና የሁለቱ ከተሞች ከንቲባዎች በ2020 ኅዳር ማመንጫው እንዲነሳ ተስማሙ። ከኢሺኖማኪ የተነሱ ነዋሪዎች የማምለጫ ዕቅዱ አይሠራም ብለው ቢከሱም የመጀመሪያውም የይግባኙም ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። በ2024 የመጀመሪያ ቀን በኖቶ ባሕረ ገብ መሬት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲህ ዓይነቶቹን መንገዶች በናዳ ቆራርጦ መንደሮችን ለቀናት ነጥሏቸው ነበር። የኦናጋዋ ሁለተኛ ሬአክተር የተነሳው በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ኦክቶበር 29 ነው። ሰው የት ይተኛ የሚለውን ጥያቄ በሚገባ የመለሰች ከተማ በየት በኩል ይውጣ ለሚለው እስካሁን ያላት መልስ እነዚያው መንገዶች ናቸው።